ግድቡ ካለቀ መብራት ለምን ይጠፋል?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሚጣዬ፤

ጅማ በሰላም ገብቻለሁ። የገና ዋዜማ ዕለት የጠየቅሽኝ ጥያቄ ግን መንገዱን ሙሉ አብሮኝ ሲጓዝ ዋለ። የእናትሽ እንጀራ ገና ዓይን ሳያወጣ መብራቱ ድርግም አለ። አንቺም በጨለማው ውስጥ፣ «ግድቡ አልቆ የለም እንዴ? ታዲያ ለምን ይጠፋል?» አልሽ። እኔ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ እየበረበርኩ «እሱ ሌላ ነው» ብዬ አለፍኩ። አባት መልስ ሲያጣ እንደዚያ ይላል።

ልጅ ሳለሁ እናቴ እህል አሸክማ ወፍጮ ቤት ትልከኝ ነበር። ወፍጮው በናፍጣ የሚሠራ ነው፤ ቱክ ቱክ የሚለው ድምፁ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ባለ ወፍጮው አንድ እጁን እህሉ ከሚፈስበት ጉሮሮ ላይ አያነሳም፤ ጆሮው ግን ሞተሩ ላይ ነው። እህሉ ሲበዛ ሞተሩ ያቃስታል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ይዘገያል። ያን ጊዜ ሰውየው ነዳጅ ይጨምርለታል። ነዳጁም አልበቃ ካለ እህሉን ይቀንሳል። ችላ ብሎ ዝም ካለ ሞተሩ እንዳለ ጸጥ ይልና የተሰለፍነው ሁሉ ያለ ዱቄት ወደ ቤታችን እንገባለን።

መብራትም እንዲሁ ነው። በሞተሩ ፋንታ ግድቡ ሥር የሚሽከረከር ተርባይን አለ፤ ናፍጣው ውኃ ነው፤ እህሉ ደግሞ እኛ የምንሰካው ምጣድ፣ ካውያና ቴሌቪዥን ነው። እናትሽ ምጣዱን ስታበራ ያ ሩቅ ያለ ተርባይን በጥቂቱ ይከብደዋል ብልሽ ታምኛለሽ? እውነት ነው። በአገራችን የኤሌክትሪኩ ምት በሰከንድ 50 ጊዜ ነው። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲያበራ ምቱ ዝቅ ማለት ይጀምራል፤ ይኼኔ የውኃው መግቢያ ሰፋ እንዲል ይደረጋል። ውኃውም ተርባይኑም የማይበቃ ከሆነ አገሩ በሙሉ እንዳይጨልም ጥቂት ሰፈሮች እንዲጠፉ ይደረጋል። ፈረቃ የምንለው ይህንን ነው።

እንግዲህ መብራት ጎተራ የለውም። የስልኬ ባትሪ ጥቂት ይይዛል፤ ለአንድ ከተማ የሚበቃ ባትሪ ግን ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ አንቺ የምታነቢበት ብርሃን በዚያችው ቅጽበት የተመረተ ነው። የሚጠራቀመው ውኃው ነው፤ የክረምቱ ዝናብ ግድብ ውስጥ ተኝቶ እስከ ግንቦት ይጠብቀናል። አንዳንድ ዓመት አይጠብቅም። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ስለቀነሰ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር፤ አንቺ ያኔ የ3 ዓመት ልጅ ነበርሽ፣ ሻማ እፍ ብለሽ ማጥፋት ትወጂ ነበር።

ጅማ ልንደርስ ስንል የግልገል ጊቤን ውኃ ከሩቅ አየሁት። ይህ ውኃ ሥራ ወዳድ ነው። እዚያ ተርባይን አዙሮ ሲወጣ በተራራ ሆድ ውስጥ በተቆፈረ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አልፎ ጊቤ ሁለትን ያዞራል፤ ከዚያ ኦሞ ወንዝ ገብቶ ጊቤ ሦስት ላይ እንደገና ይሠራል። አንድ ውኃ፣ ሦስት ሥራ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሁሉም ተርባይኖቹ ሲሠሩ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ አንዱ ሜጋ ዋት ሚሊዮን ዋት ማለት ነው። በገና ዋዜማ ማታ የቸገረን ግን የውኃ ማነስ አይመስለኝም። የሰፈራችን ትራንስፎርመር ነው፤ ያ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው፣ ዝናብ ሲመታው እንደ ንብ የሚያጉረመርመው ሳጥን። እስቲ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ያንቺ ክፍል አምፖል 10 ዋት። አንድ ምጣድ ማለት እንግዲህ 350 አምፖል ነው! ሳጥኑ 200,000 ዋት የሚችል ቢሆን ስንት ምጣድ ይሸከማል? አካፍይው። 57 ታገኛለሽ። በበዓል ዋዜማ ደግሞ በሰፈራችን 57 ብቻ እንጀራ ጋጋሪ አለ ብለሽ ታስቢያለሽ? ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ የቱንም ያህል ኃይል ቢኖር፣ በዚያ ሳጥን የማያልፍ ከሆነ እኛ ቤት አይደርስም። ሐይቅ ሙሉ ውኃ ኖሮ ቧንቧው የቀጠነ እንደማለት ነው።

እናትሽን «በበዓል ሰሞን ቀደም ብለሽ ጋግሪ» ብያት ነበር። «ሊጡ ኩፍ የሚለው በራሱ ሰዓት ነው፤ ሂድና ለሊጡ ንገረው» አለችኝ። አልተከራከርኩም። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ የምጣዱን ማብሪያ አጥፉት። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ «መጣ!» ብላችሁ ስትጮሁ፣ የሁሉም ቤት ምጣድና ማቀዝቀዣ እንደተሰካ ስለሚጠብቀው በአንድ ጊዜ ይረባረብበታል፤ ወዲያው ተመልሶ የሚጠፋውም አንዳንዴ በዚህ ነው።

እስክመለስ አንድ ሥራ ሰጥቼሻለሁ። ቆጣሪያችን ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። እናትሽ አጠገብሽ ሆና፣ ምንም ሳትነኪ፣ ምጣዱ ሲበራ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ቁጠሪ። ምጣዱ ከጠፋ በኋላም ቁጠሪ። ሁለቱንም ቁጥር ደብተርሽ ላይ ጽፈሽ ቆዪኝ፤ ቅዳሜ ስመጣ አየዋለሁ።

አባትሽ