ጥቂት ሰው የቀረባት ጸሎት ቤት

ውድ እህቴ፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣

ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? ዝምታውን ማን እንደጀመረው አንመራመር። አንቺም ሥራ፣ እኔም ሥራ፣ ዓመቱም ማንንም አይጠብቅም። ዛሬ የጻፍኩልሽ ናፍቀሽኝ ነው፤ የምጠይቅሽ ነገርም አለኝ። ቀድሜ ወሬውን ልንገርሽ።

አሁንም እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ነኝ፣ እዚያችው ትንሽ ከተማ፣ እዚያው የአረጋውያን መጦሪያ። የሐበሻ ኅብረት የሚገኘው ሊድስ ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከዚህ የሚነሳ አውቶቡስ የለም። ስለዚህ በእግሬ የምደርስባት የሜቶዲስት ጸሎት ቤት መሄድ ጀመርኩ። እኛ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ያደግን ልጆች ሜቶዲስት ሲባል ስሙን ሰምተን ይሆናል እንጂ ምን እንደሆነ የት እናውቃለን? እንደ እኛው ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ጆን ዌስሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሰባኪ ከጀመረው እንቅስቃሴ የመጡ።

መጀመሪያ ቀን ሰው ገና እየመጣ መስሎኝ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። የሚመጣ አልነበረም። ሁለት መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተራርቀው ተቀምጠዋል። ሁሉም የየራሱ የለመደው ወንበር አለው። ኦርጋን የሚጫወት ሰው ስለሌለ መዝሙሩ ከማሽን ይለቀቃል። ፓስተሯ ሌሎች አጥቢያዎችም ስላሉባት ቶሎ ቶሎ አትመጣም።

እዚህ አጎራባች አጥቢያዎች በአንድ ላይ ሰርኪት ይባላሉ። ማን የት እንደሚሰብክ በየሦስት ወሩ በወረቀት ይወጣል። አብዛኛውን እሑድ የሚሰብኩት ሠልጥነው የተፈተኑ ምእመናን ናቸው፦ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ነርስ፣ ገበሬ። ይሄን በጣም ወድጄላቸዋለሁ። ግን ሰባኪው ከሌላ መንደር መጥቶ፣ ሰብኮ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። እስከሚቀጥለው እሑድ ድረስ ኖርሽ ሞትሽ የሚልሽ የለም።

ሕንፃው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መከፋፈል የእኛ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሜቶዲስቶችም ድሮ ተከፋፍለው ነበር። በ1932 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልሽ) ሦስቱ ትልልቅ ወገኖች ሲዋሀዱ በብዙ መንደር ሁለት ሁለት ጸሎት ቤት ተረፈ። እኛ ከተማ አንደኛው ዛሬ የሰው መኖሪያ ቤት ሆኗል። የቀረው የእኛው ጣራ ያፈሳል።

ምን እናድርግ ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ሐሳብ አንድ ዓይነት ነው። ስክሪን እንግዛ፣ ጊታር ይግባ፣ ወጣት እናምጣ። የቱን ወጣት? የከተማዋ ወጣት ሥራ ፍለጋ ሊድስና ማንችስተር ሄዷል። እዚህ የቀረው ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ቲቪው ባይኖር የሰው ድምፅ የማይሰማ። እሱን አጠገብሽ ትተሽ የሌለ ወጣት ማሳደድ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ታሪካቸውን ሳነብ ደግሞ ገረመኝ። ጆን ዌስሊ በ1739 ብሪስቶል አጠገብ፣ ኪንግስዉድ በሚባል ቦታ፣ ለከሰል ቆፋሪዎች ሜዳ ላይ መስበክ ጀመረ። እዚያው ብሪስቶል አንድ አዳራሽ ሠሩ፤ ዕዳ ተከመረባቸው። በ1742 ዕዳው እንዴት ይከፈል ሲባል ካፒቴን ፎይ የሚባል ሰው እያንዳንዱ በሳምንት አንድ ፔኒ ያዋጣ አለ። ድሃው ከየት ያመጣል? ሲሉት፣ ከሁሉ የባሱትን ዐሥራ አንድ ድሆች ለእኔ ስጡኝ፣ በየሳምንቱ እየዞርኩ እጠይቃቸዋለሁ፣ ያጣውን እኔ እሞላለታለሁ አለ። ሌሎቹም እንደዚያው ሰው ተከፋፈሉ።

ሳንቲም ለመሰብሰብ በየቤቱ ሲገቡ ያላሰቡት ነገር ገጠማቸው። አንዱ ከሚስቱ ጋር ተጣልቷል። ሌላው መጠጥ ውስጥ ገብቷል። ዌስሊ ስንፈልገው የነበረው ይሄ ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ዐሥራ ሁለት ያህል ሰው በየሳምንቱ እየተገናኘ ነፍስህ እንዴት ናት ይባባል ጀመር። ክላስ ይሉት ነበር። ለዕዳ የተጀመረ ነገር የእንቅስቃሴው የጀርባ አጥንት ሆኖ ቀረ። በ1763 ዌስሊ ዌልስ ውስጥ ፔምብሩክሻየር ሄዶ ያየውን ጽፏል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ተሰብኮ፣ ሰዎቹን የሚያሰባስብ ኅብረት ስላልነበረ ከዐሥሩ ዘጠኙ ተመልሰው እንቅልፍ ይዟቸዋል።

ይሄን ሳነብ ማን ትዝ ያለኝ ይመስልሻል? እናትሽ። ጥር 1974 (አሁን በእኛው አቆጣጠር ነው) ደርግ ቤተ ክርስቲያናችንን ሲዘጋ የነበርነው 5 ሺህ ገደማ ነን። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ወደ 34 ሺህ ደርሰን ተገኘን። አዳራሽ የለ፣ ማይክ የለ፣ ኳየር የለ። እናትሽ ለጎረቤት ሰበብ እንዲሆን ቡና ያፈላሉ፤ ሰዎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ እኔና አንቺ ደጅ ላይ ሱዚ እየዘለልን መንገዱን እንጠብቃለን። ልጅ ስለነበርን ጨዋታ ነበር የሚመስለን።

እናም እዚህ አንድ ነገር ሞከርን። ረቡዕ ማታ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ ወጥ ቤት ውስጥ መገናኘት ጀመርን። እንግሊዝ መቼም እንግሊዝ ነው፤ መጀመሪያ ወሬው ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ኦፕሬሽን ብቻ ነበር። እኔ ውስጤ እየተቃጠለ ብስኩት እበላለሁ። አንድ ማታ ግን አንድ ሽማግሌ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ አባታችን ሆይን ጀምሬ አልጨርሰውም አሉ። ማንም አላጽናናቸውም፣ ማንም ጥቅስ አልጠቀሰባቸውም። ዝም ተባለ። ከዚያ ሌላዋ የራሷን አወራች። ሰው ለሰው መደወል የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከመጦሪያው የዚምባብዌ ባልደረቦቼም መጡ። እሑድ ፈረቃ ላይ ስለሚሆኑ ቤተ ክርስቲያን አይደርሱም፤ ረቡዕ ማታ ግን ይመቻቸዋል። ሜቶዲስት ከእናት ከአያታቸው የወረሱት ነው። አገራቸው ሴቶቹ ቀይ ሸሚዝና ነጭ ቆብ ለብሰው ሐሙስ ሐሙስ ይሰበሰባሉ። አንዷ መጸለይ ስትጀምር ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ዓይናቸውን ገለጡ! አሁን ካልመጣች የት ሄደች ብለው ይጠይቃሉ። በክረምት ደግሞ፣ የማሞቂያ ዋጋ ሰማይ ከነካ ወዲህ፣ አዳራሹን አሙቀን ሾርባ እናቀርባለን። ለሾርባ የመጣ ሁሉ ለጸሎት አይቀርም፤ አይጠበቅበትምም። ጥቂቶች ግን ቀርተዋል።

አደገ ስልሽ እንደ አገር ቤቱ እንዳታስቢው። እሑድ ያው ብዙ ወንበር ባዶ ነው። ሰርኪቱ ስለ ሕንፃው ሊወስን ነው፤ ይሸጥ ይሆናል። እነሱ አያቶቻቸው የተዳሩበት ስለሆነ ያዝናሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሴትዮዋ ወጥ ቤት ሞልቷል። ለሁለት እንከፈል ስል ሁሉም ፊቱን አጠቆረ። ስንት ዓመት ብቻውን ኖሮ ገና ሰው ያገኘን ሽማግሌ አንተ ወደዚያኛው ቤት ሂድ እንዴት ይባላል? አልጨክንም። ካልተከፈልን ደግሞ ለአዲስ ሰው ወንበር የለንም።

የምጠይቅሽ ይሄንን ነው። የእናንተ ቤት ሲሞላ እናትሽ እንዴት ነበር የሚከፍሉት? ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ማን ነበር? አዲሱን ቤት የሚመራው ሰው በምን ተመረጠ? ከተከፈሉ በኋላስ ይገናኙ ነበር ወይስ ለደኅንነት ሲባል ተቆራረጡ? እኔ የማስታውሰው አንድ ቀን የለመድናቸው ሰዎች መምጣት ማቆማቸውን ብቻ ነው።

አደራ፣ ቁጭ ብለሽ ጠይቂልኝ። መጻፉ ካስቸገረሽ በቴሌግራም በድምፅ ላኪ፤ ግን እሳቸው ራሳቸው ያውሩ፣ አንቺ እንዳታሳጥሪው። ረጅም ከሆነ እሰየው፣ የሌሊት ፈረቃ ላይ እሰማዋለሁ።

እህትሽ