ለጋሻው፦ ስለ ግራው ስፒከር

ጎንደር፣ ነሐሴ 12

ውድ ወንድሜ ጋሻው፣

እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ፣ እናታቸውስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ስልህ ምን አስበህ ይሆን? እናቴ ያረፈች ጊዜ ሳትመጣ ስትቀር አዝኜብህ ነበር። ኋላ መንገዱ ተዘግቶብህ እንደነበር ስሰማ አፈርኩ፤ ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ መጻፉ ከበደኝ። ይቅር በለኝ።

ባለፈው ወር አንድ አባት የመዝጊያ ቁመት ያላቸው ሁለት ስፒከሮች ፒያሳ ሱቄ ድረስ አስጭነው መጡ። ኤሌክትሮስታቲክ! ከመጽሔት ቆርጠህ ግድግዳ ላይ የለጠፍከው፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ የወጣው ኳድ የሚባለው ስፒከር ትዝ ይልሃል? እሱ አይደለም፤ ዘሩ ግን ነው። ማግኔት የለው፣ ወረቀት የለው። በተበሳሱ ሁለት ገጾች መሀል የተወጠረች፣ ከፀጉር የሳሳች ፕላስቲክ ብቻ፣ ሺህ በሺህ ቮልት ተሸክማ።

ግራው ጢቅ ጢቅ ይላል፤ አንዳንዴም የጋለ ድስት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ይንጣጣል። እኔ ሞኙ አምፑን (ድምፅ ማጉያውን) ጠርጥሬ ቀኑን ሙሉ ስፈታው ዋልኩ። ማታ ከአምፑ የሚመጣውን ገመድ ነቅዬ የስፒከሩን የመብራት ገመድ ብቻ እንደሰካሁ ብተወው፣ ያው ጢቅታ! ትራንስፎርመር ቢሆን ሳያቋርጥ እምም ይል ነበር፤ የላላ ብሎን ቢሆን ባስ ሲመጣ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ይሄ ግን ሙዚቃም አይጠብቅ፣ ምትም የለው።

ያን ጊዜ ያንተ ጎማ ቱቦ ትዝ አለኝ። አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን ከሽፋኑ ፊት ለፊት እያንሸራተትኩ ስሄድ ታች ቀኝ ጥግ ላይ ጆሮዬን ነከሰኝ። መብራት አጥፍቼ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ተቀመጥኩ። ከምስር ፍሬ ያነሰች ሰማያዊ ብልጭታ! ሽታው መብረቅ የወረደበት ሜዳ ነው።

«የት ነበር የሚቀመጠው?» ብላቸው፣ «ቡና የሚፈላበት ጥግ» አሉኝ። የከሰሉና የዕጣኑ ጥላሸት፣ በላዩ የክረምቱ እርጥበት። ቻርጅ ያላት ፕላስቲክ ደግሞ አቧራ እንደ ማር ነው የምትስበው። በዚያ ላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ሲሳሳ ብልጭታው ባነሰ ቮልት ይዘላል። ባሕር ዳርቻ ላይ የሚበቃው ክፍተት እዚህ ይጠባል።

ነቅዬ አሳደርኩት (ቮልቱ ቶሎ አይሞትም፣ አንተ ነህ ያስተማርከኝ፣ ክንድህ ይመስክር)። አቧራውን በቀስታ አስመጥጬ ከአምፖል አጠገብ አደረቅሁት። ጢቅታው ቀነሰ፣ አልጠፋም። ብልጭታው ፕላስቲኩን ሳይበሳው አልቀረም። ፈትቶ አዲስ መወጠር ይፈልጋል፤ እኩል ለመወጠር ደግሞ አራት እጅ።

አባትየውን እስከ መስቀል ይታገሡኝ ብያቸዋለሁ። ቱቦህ አሁንም በሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ነው።

ያንተው ታደለ