«ጥቂት ሰዓት የበረረ» የሚለው ማስታወቂያ ስለማይነግረን ነገር

ክቡር አዘጋጅ፣

ያገለገሉ ትላልቅ የቢዝነስ ጄቶች ዋጋ መውረዱን አስመልክቶ በጋዜጣችሁ የወጣው ጽሑፍ ምቾታቸውንና የሚሸፍኑትን ርቀት በሚገባ ቢያስረዳም፣ የደኅንነታቸውን ጉዳይ «ጥቂት ሰዓት የበረረ» በሚል አንድ ሐረግ አልፎታል።

አውሮፕላን በበረራ ሰዓት ብቻ አያረጅም። ካቢኑ በእያንዳንዱ በረራ በአየር ግፊት ተወጥሮ ስለሚመለስ የአካሉ ድካም የሚለካው ይበልጡን ስንት ጊዜ ተነሥቶ እንዳረፈ በመቁጠር ነው፤ ዝገትና የላስቲክ ማኅተሞች መድረቅ ደግሞ አውሮፕላኑ ቆሞም ቢሆን ይቀጥላሉ። በባሕር ዳርቻ ለዓመታት የቆመ ጄት አዘውትሮ ከሚበር እኩያው የባሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገዢው ከሻጩ ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለውና ሞዴሉን ጠንቅቆ የሚያውቅ የጥገና ድርጅት ቀጥሮ ሞተሮቹን በቦሮስኮፕ (ወደ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ በሚያሳይ ቀጭን የመመልከቻ መሣሪያ) ማስፈተሽ፣ የማረፊያ እግሮቹ መቼ እንደታደሱ ማረጋገጥ፣ የአየር ብቁነት መመሪያዎች (የአቪዬሽን ባለሥልጣናት ለደኅንነት የሚያወጧቸው አስገዳጅ ትዕዛዞች) መፈጸማቸውንም ከመዝገቡ ማየት አለበት። የአገልግሎት ዘመኑ የተገደበ የሞተር ክፍል ታሪኩ በሰነድ ካልተረጋገጠ ሊሠራበት ስለማይችል፣ መዝገቡ የጎደለ ጄት በእኔ አስተያየት በምንም ዋጋ አይገዛም።

የመግዣው ዋጋ ቢወርድም የጥገናው ወጪ አብሮ አይወርድም፤ የሁለቱ ሞተሮች እድሳት ብቻ ከአውሮፕላኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ጥገናን የማዘግየት ፈተና የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ምርመራው የማያሳየው ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 በቤድፎርድ፣ ማሳቹሴትስ፣ ገልፍስትሪም 4 የተባለ አንድ ትልቅ የቢዝነስ ጄት ከመሬት መነሣት ተስኖት ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ሲቃጠል የተሳፈሩት ሰባቱም ሰዎች ሞተዋል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዳረጋገጠው፣ ቆሞ ሳለ ነፋስ የበረራ መቆጣጠሪያዎቹን እንዳያንገላታ የሚያግደው ቁልፍ አልተፈታም ነበር፤ ቁልፉ ሳይፈታ የሞተሩ ኃይል እንዳይጨመር ሊከለክል የሚገባው ሥርዓትም እንደታሰበው አልሠራም። አብራሪዎቹ ከዚያ በፊት በዚያው አውሮፕላን ካደረጓቸው 175 መነሻዎች መካከል ከመነሣት በፊት የሚደረገው የመቆጣጠሪያዎቹ ፍተሻ በተሟላ ሁኔታ የተካሄደው በሁለቱ ብቻ ነበር። ሁለቱም አብራሪዎች ብዙ ልምድ የነበራቸው መሆኑ ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ ያደርገዋል።

ስለዚህ ገዢው ከአውሮፕላኑ ጋር የሚቀጠሩትን አብራሪዎች የበረራ መቅጃ መረጃ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲያየው ቢያደርግ፣ በዚያው ሞዴል ሲሙሌተር (የበረራ ማስመሰያ) ለሚሰጥ ተከታታይ ሥልጠናም በጀቱን ውሉ ከመፈረሙ በፊት ቢመድብ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ