የፍልሰታ ወተት አይደፋ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ዲቃላ ላም የምናረባ ሰዎች ነሐሴ በገባ ቁጥር ያው ጭንቅ ይመለስብናል። ሰው ይጾማል፣ ላም አትጾምም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ተረካቢው ወይ መጠን ይቀንሳል፣ ወይ ዋጋ ይሰብራል፤ ሣሩ ለምልሞ ላሞቹ ደህና የሚታለቡት ደግሞ በዚሁ ሰሞን ነው። በብዙ ግቢ ታዲያ ወተቱ ያለ ልክ ለጥጃ ይለቀቃል፣ የማታው አለባ ይዘለላል፣ ሲብስም ወተቱ ይደፋል። በየቤቱ ግን ቅቤ ማውጣት የሚያውቁ አያት አሉ፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ናቸው። የጾሙ ወተት በእነዚህ ሰዎች እጅ ይግባ እንላለን፤ እንዴት እንደሚሆንም የምናውቀውን እንጽፋለን።

አለባውን መዝለል ከሁሉ የከፋው ነው። ግት ውስጥ የቀረ ወተት ላሟ የምትሰጠውን መጠን ይቀንሳል፤ ጾሙ ሲፈታም ወደ ቀድሞው አይመለስም። በዚያ ላይ ክረምት ነው፤ በረቱ ጭቃ ነው፤ የሞላ ግት እያንጠባጠበች ጭቃ ላይ የተኛች ላም የግት በሽታ አይምራትም። መንጠፍ ያለባት የ7 ወር እርጉዝ ላም ብቻ ናት። ሌላዋ ጧትና ማታ በሰዓቷ ትታለብ። ግቱ ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ፣ ለየላሟ በተለየ ጨርቅ ይድረቅ፤ ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጭምቆች በጥቁር ሳህን ላይ ይታዩ። ቅንጣት ወይም ክር መሳይ ነገር ከታየ የዚያች ላም ወተት ከሌላው አይቀላቀልም። ከታጠበችበት ጀምሮ ወተቱ የሚወርድላት ለ5 እስከ 7 ደቂቃ ያህል ነው፤ በመሀል ጩኸትና ግርግር ከተፈጠረ ትይዘዋለች። ታልባ ስታበቃ ድርቆሽ ፊቷ ይቅረብላትና ግማሽ ሰዓት ያህል ትቁም፤ የጡቷ ቀዳዳ እስኪዘጋ ያን ያህል ይፈጃል።

ለጥጃም ቢሆን ልክ አለው። በየቀኑ የክብደቷን አንድ አሥረኛ ያህል ወተት፣ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይበቃታል። «ለማን እንሸጠዋለን» ተብሎ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅላት ያስቀምጣታል፤ የክረምት የጥጃ ተቅማጥ ደግሞ በሁለት ቀን ይገድላል።

አሁን ወደ ገንቦው እንምጣ። ሁለት ዲቃላ ላሞች ከጥጆቹ የተረፈ በቀን 20 ሊትር ቢሰጡ በ15 ቀን 300 ሊትር ነው። የዲቃላ ወተት ስቡ ከአበሻ ላም ወተት ያነሰ ስለሆነ፣ በባህላዊው መንገድ አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት 25 ሊትር ገደማ ይጠይቃል። ስለዚህ ከሚደፋው ወተት 12 ኪሎ ያህል ቅቤ ይወጣል ማለት ነው። ያ ቅቤ ጾሙ በተፈታ ማግስት ይፈለጋል፤ ከዚያም ዋጋው ለእንቁጣጣሽ ከፍ እስከሚል የሦስት ሳምንት ያህል ዕድሜ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ዕቃው ይቅደም። ገንቦውም ቅሉም በሙቅ ውኃ ተለቃልቆ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፤ ከደረቀ በኋላ በወይራ ይታጠናል። ፍም የሆነው የወይራ ስንጣሪ ገብቶ አፉ ይከደናል፣ ዕቃው እየተገላበጠ ጭሱ ውስጡን ሁሉ ይደርሳል፣ ፍሙ ወጥቶ አመዱ በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። ጭሱ ለሽታው ብቻ አይደለም፤ ከወተቱ ቀድመው በዕቃው ግድግዳ ላይ የተቀመጡትን አበላሺ ተሕዋስያን ያዳክማል። የፕላስቲክ ጀሪካን ግን አይታጠንም፣ በጠባብ አፉም እጅ ገብቶ አያጥበውም፤ ውስጡ በተጫረ ቁጥር አሮጌ ወተት ይደብቃል። እሱን ለውኃ ይተዉት።

አያቶቻችን አንድ ነገር እንዲቀይሩ እንለምናለን። ወተቱ ከመርጋቱ በፊት ይፈላ። የከብት ሳንባ ነቀርሳና ውርጃ አምጪው ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት፣ ከጥሬ ወተት በሚሠራ እርጎና አይብም ወደ ሰው ይተላለፋሉ፤ ልጆች ደግሞ ቀድመው ይጠቃሉ። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ በመሆኑ ወተት የሚፈላው ወደ 91 ዲግሪ ላይ ቢሆንም ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። «የፈላ ወተት አይረጋም፣ ቅቤም የለውም» ይባላል፤ እውነት የሚመስለው የሚያረጋውም አብሮ ስለሚሞት ነው። ለብ እስኪል ቀዝቅዞ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ከተጨመረበት ይረጋል፤ ቅቤውም ይወጣል። እርሾው እያለ አልረጋም ካለ ሁለት ነገር ይጠርጠር፦ ወይ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ ወይ ከላሞቹ አንዷ መርፌ ተወግታለች። የጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት የወሰደች ላም ወተት ሐኪሙ ያዘዘው ቀን እስኪሞላ ከገንቦ መግባት የለበትም። ማገዶው ግን ከግንቦት ጀምሮ ይታሰብበት፤ በነሐሴ ዝናብ ኩበት አይደርቅም።

በእኛ ቅዝቃዜ እርጎው ለመናጥ እስኪደርስ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ቀን ይወስዳል። 20 ሊትር በሚይዝ ገንቦ ከ10 ሊትር በላይ አይጨመር፤ እርጎው የሚላተምበት ባዶ ቦታ ከሌለው ቅቤ አይሰበሰብም። ሙቀቱ 17 ወይም 18 ዲግሪ ሲሆን መልካም ነው። የትኩሳት መለኪያ ይህን አያነብም፤ የወጥ ቤት መለኪያ ከሌለ ገንቦው በእጅ ሲዳሰስ ቀዝቀዝ ያለ፣ የማያንዘፈዝፍ ይሁን። የነሐሴ ማለዳ ከዚህ ስለሚቀዘቅዝ ብዙዎች የፈላ ውኃ ገንቦው ውስጥ ይጨምራሉ። ስቡ ይቀልጣል፤ ቅቤው ነጭና ልፍስፍስ ይሆናል፣ እኩሌታውም ከአሬራው ጋር ይሄዳል። ገንቦውን ከነእርጎው ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፊያ ውስጥ ማቆም ይሻላል።

መናጥ ከተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንገቱ አጠገብ ያለችው ቀዳዳ ደጋግማ ትከፈት፤ የታመቀው አየር ፉት ብሎ ይወጣል። ከዚያ በእኩል ምት፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል። ለሁለት ገንቦ ሦስት ልጆች እየተፈራረቁ ይበቃሉ፤ ችግሩ ልጅ መጀመሪያ ላይ ይሮጥና ኋላ ይደክመዋል፣ ምቱም ይዛባል። በፍልሰታ አያትም ልጆችም ስለሚጾሙ ማንም አይቀምስም፤ ስለዚህ በጆሮና በዓይን መለየት ግድ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ደፍኖ ይጎተታል፤ ቅቤው ሲለይ ቀጥኖ ውኃ ውኃ ይላል። በቀዳዳዋ ስንደዶ ገብታ ስትወጣ እርጎ ለብሳ ከሆነ ገና ነው። የስንዴ ቅንጣት ያህል ቢጫ ፍሬ ከተለጠፈባትና ሌላዋ አካሏ ንጹሕ ከሆነ ደርሷል። ያኔ መናጡ ቆሞ ገንቦው ቀስ ተብሎ ይንከባለል፣ ፍሬው ተሰብስቦ ይያያዛል።

የወጣው ቅቤ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ፣ ውኃው ሳይነጣ እስኪቀር ድረስ ይታሽ። ልጆች የሚሰለቹት እዚህ ላይ ነው፤ ቅቤም ከሌላው ደረጃ ሁሉ በላይ የሚበላሸው በዚሁ ነው፤ ውስጡ የቀረ አሬራ በሳምንት ውስጥ ያሻግተዋል። የዛሬው ከትናንቱ አይቀላቀል፤ ቀን እየተጻፈበት ለብቻው ይቀመጥ።

አሬራው ዝግ ባለ እሳት፣ ሳይፈላ፣ 50 ዲግሪ ገደማ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲቆይ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። እሳቱ ከበረታ አይቡ ይደርቅና እንደ ጎማ ይሆናል። ከ8 ሊትር አሬራ አንድ ኪሎ ገደማ ይገኛል። ነገር ግን አይብ አይቆይም፤ የማይጾም ደንበኛ ከሌለ ከነሐሴ 13 በፊት ብዙ ባይሠራ ጥሩ ነው። ትርፉ አሬራና አጓት ከጥጆቹ መካከል ከፍ ላሉት ይሰጥ።

ስለ መኖው በአጭሩ። ላም ጧት ለምለም ሣር ላይ ከመውጣቷ በፊት ገለባ ወይም ድርቆሽ ትቅመስ፤ እርጥብ ሣር ብቻ የበላች ላም ትነፋለች፣ የወተቷም ስብ ይወርዳል። ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ከተጨመቀ የቅባት እህል የሚተርፈው መኖ፣ በክረምት እርጥበት ይሻግታል። ከሻገተ መኖ የሚመጣው አፍላቶክሲን ወደ ወተት ያልፋል፤ ማፍላትም አያጠፋውም። ከአዲስ አበባ ዙሪያ በተወሰዱ የወተት ናሙናዎች ላይ ይኸው መርዝ በጥናት ተገኝቷል። ጆንያው ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ርቆ ይደርደር፤ የሻገተውም ለማንኛውም ከብት አይሰጥ።

ልጆቹን በሚመለከት ሦስት ነገር አጥብቀን እንጠይቃለን። የላም ገመድ በእጅ አንጓ ላይ አይጠምጠም። አዲስ የወለደች ላም ዘንድ ብቻቸውን አይግቡ። ውርጃም ሆነ የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ አይነካ፤ በጥልቅ ይቀበር።

ለጋዜጣችሁም አንድ ጥያቄ አለን። የገበያ ዋጋ በምታወጡበት ገጽ ላይ ከነሐሴ 10 እስከ መስከረም 1 የለጋ፣ የመካከለኛና የበሳል ቅቤ ዋጋ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን ጎን ለጎን ቢታተምልን፣ አያቶቹ የልፋታቸውን ቅቤ በር ድረስ ለሚመጣ ነጋዴ ከመስጠታቸው በፊት ዋጋውን ያውቁ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
የወተት ላም አርቢዎች፣ ከደብረ ብርሃን