በፊልም ሽልማት ዘገባችሁ ስለጎደለው የዕጩዎች ዝርዝር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጣዎ ጎንደር የሚደርሰው ከታተመ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ፒያሳ ካለው ጋዜጣ ሻጭ እጅ ስቀበለው ወሬው ለአዲስ አበባ ሰው አርጅቷል፤ ለእኔ ግን ገና ትኩስ ነው። የዘንድሮውን ዓመታዊ የፊልም ሽልማት የዘገባችሁበትን እትም ያነበብኩትም እንደዚሁ ዘግይቼ ነው። ዘገባው ግማሽ ገጽ ይዟል። አብዛኛውን ቦታ የወሰዱት በቀይ ምንጣፉ ላይ ማን ምን ለብሶ እንደመጣ የሚያትተው ጽሑፍና ሦስት ፎቶግራፎች ሲሆኑ፣ ሽልማቱ ራሱ ከግርጌ በአንዲት ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ «ምርጥ ፊልም»፣ «ምርጥ ዳይሬክተር»፣ «ምርጥ መሪ ተዋናይት» እያለ ስድስት አሸናፊዎችን ከቆጠረ በኋላ «እና ሌሎችም» በሚል ተዘግቷል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ «እና ሌሎችም» ነው። አለባበሱ አይዘገብ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ከተዋናዮቹ አንዷ የለበሰችው ቀሚስ ላይ ያለው የጎንደር ጥልፍ መሆኑን እህቴ ከፎቶው ለይታ ደስ ብሏታል።

ነገሩ የግል ጉዳይም እንዳለበት አልደብቅም። የእህቴ ልጅ የፊልም ድምፅ ባለሙያ ነው፤ ዘንድሮ በምርጥ ድምፅ ዘርፍ ከታጩት አምስት ሰዎች አንዱ ነበር። አላሸነፈም። ያሸነፈውን ሰው ሥራ እኔም በኋላ አይቼው ይገባዋል ብያለሁና ቅሬታዬ በዳኞቹ ላይ አይደለም። እናቱ በዚያ ምሽት ሥርጭቱን በቴሌቪዥን እየጠበቀች እስከ እኩለ ሌሊት ቆየች፤ የድምፅ ዘርፍ ሲደርስ የስፖንሰር ማስታወቂያ ገባ፤ ማስታወቂያው ሲያበቃ መድረኩ ሌላ ዘርፍ ላይ ደርሶ ነበር። «ግድ የለሽም፣ ጋዜጣ ላይ ይወጣል» ያልኳት እኔ ነኝ። ጋዜጣው በመጣ ቀን አንዱን ለቤት፣ አንዱን ለንስሐ አባቷ ለማሳየት፣ አንዱን አዘዞ ላለችው ታናሻችን ብላ ሦስት ቅጂ ገዛች፤ መነጽሯን አድርጋ ሳጥኑን በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች ወረደች፤ «እና ሌሎችም» ላይ ስትደርስ ጣቷን እዚያው አቁማ «ወንድምዓለም፣ እሱ እዚህ ውስጥ ነው ያለው?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ምን ልበላት? እውነቱን ከተናገርን ግን እዚያም ውስጥ አልነበረም። «ሌሎችም» የተባሉት ስማቸው ያልተጠቀሰው አሸናፊዎች ናቸውና፣ ዕጩዎቹ ከዚያም ውጭ ናቸው።

የድምፅ ዘርፍ ምን እንደሆነ ብዙ አንባቢ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ እኔም ባጋጣሚ ባላይ ኖሮ አላውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ የታጨበት ፊልም አንዱ ትዕይንት የተቀረጸው ቀሃ አጠገብ ባለው በእህቴ ቤት ነው። ተዋንያኑ ንግግራቸውን ጨርሰው፣ መብራቱ ሊነቀል፣ ሰው ሁሉ ዕቃውን ሊሰበስብ ሲል፣ ልጁ እጁን አንሥቶ ማንም ካለበት እንዳይነቃነቅ ለመነ። ከዚያም በረጅም ዘንግ ጫፍ የታሰረውን ማይክሮፎን ወደ ቤቱ መካከል ዘርግቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል የቤቱን ዝምታ ቀዳ። እህቴ ቡና ልትወቅጥ ዘነዘናውን እንዳነሣች በአየር ላይ ይዛው ቀረች፤ የዳይሬክተሩ ረዳት በአንድ እግሩ ደፉ ላይ ቆሟል፤ እኔ ሳል እየተናነቀኝ አፌን በጋቢ ያዝኩ። በኋላ ሲያስረዳኝ፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ዝምታ አለው አለ፤ ፀሐይ የመታው የጣሪያ ቆርቆሮ፣ ከሩቅ የምታልፍ ባጃጅ፣ የግድግዳው ጭቃ ይሁን ብሎኬት ድምፁን ይለውጡታል። ኤዲተሩ ንግግሮቹን ቆራርጦ ሲገጣጥም በመካከል የሚፈጠረው ክፍተት በዚያው ቤት ዝምታ ካልተሞላ፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ጆሮው ይጎረብጠዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሳካ ማንም አያስተውለውም፤ ሲበላሽ ግን አዳራሹ ሁሉ ያጉረመርማል። ተዋናይን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ፎቶ ይነሣዋል። ድምፅ ቀራጩን፣ ኤዲተሩን፣ መብራት ያቆመውን፣ ፊት የቀባችውን ሰው ሕዝብ በስም የሚያገኛቸው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም በዕጩዎች ዝርዝር ላይ ብቻ ነው።

ወደ ቃሉ ልምጣ፤ ምክንያቱም ዘገባችሁ ዝርዝሩን ከማስቀረቱም በላይ ቃሉን ያለ ቦታው ተጠቅሞበታል። «ዕጩ» ማለት ከማጨት የመጣ ነው፤ እጮኛም ያልነው ከዚያው ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ስለተላከ ብቻ ልጅቱ ታጨች አይባልም። ሽማግሌው ደጅ ጠንቶ፣ የልጅቱ ወገን ተመካክሮ እሺ ሲል ታጨች ይባላል፤ ሠርጉ ደግሞ ገና ነው። በፊልም ሽልማትም ነገሩ እንዲሁ በሦስት ደረጃ የሚሄድ ሲሆን፣ መላክ ሌላ፣ መታጨት ሌላ፣ ማሸነፍም ሌላ ነው። በዘገባችሁ መግቢያ ላይ ግን ለውድድር የቀረቡት ፊልሞች በሙሉ «ዕጩዎች» ተብለዋል፤ እንዲህ ከሆነ ማመልከቻ ያስገባ ሁሉ ታጭቷል ማለት ነው።

ይህ ስሕተት በእናንተ ብቻ የታየ አይደለም። «ለኦስካር የታጨ የኢትዮጵያ ፊልም» ሲባል በሬዲዮም በሰው አፍም ስንት ጊዜ ሰምተናል። በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ ከእያንዳንዱ አገር የሚቀርበው አንድ ፊልም ነው፤ እሱንም የሚመርጠው በአገሩ የሚቋቋም ኮሚቴ ነው። ከኢትዮጵያ «አትሌቱ» እ.ኤ.አ. በ2010፣ «ድፍረት» በ2014፣ «ላምብ» በ2015 በዚህ መንገድ ተልከዋል። በ2014 ብቻ ከ80 በላይ አገሮች ፊልም ልከው ነበር፤ የሚታጩት ግን አምስት ናቸው፤ የእኛዎቹ ከአምስቱ ውስጥ አልገቡም። ይህን መናገር ፊልሞቹን ማሳነስ አይደለም፤ ያላቸው ክብር ያለ ጭማሪ ይበቃቸዋል። «ድፍረት» በዚያው በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል፤ «ላምብ» በ2015 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ኦፊሴላዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ያልታጨን ታጨ የምንል ከሆነ፣ አንድ ቀን አንድ ፊልማችን በእውነት ሲታጭ በምን ቃል ልንነግር ነው?

ኦስካርን ካነሣሁ አይቀር፣ የሽልማቱ ታሪክ ከጋዜጠኞች ጋር የተያያዘ ስለሆነ ትንሽ ልጨምር። የመጀመሪያው ሥነ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1929 በሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል ሲደረግ፣ አሸናፊዎቹ ከሦስት ወር በፊት ታውቀው ስለነበር የሽልማት አሰጣጡ 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ፈጅቷል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአሸናፊዎች ስም፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በፊት እንዳይታተም በአደራ፣ ለጋዜጦች አስቀድሞ ይሰጥ ነበር። በ1940 አንድ የሎስ አንጀለስ ጋዜጣ አደራውን አፍርሶ በምሽት እትሙ አወጣው፤ እንግዶቹ ወደ አዳራሹ ሲገቡ ውጤቱን አንብበው ነበር። የታሸገው ፖስታ የመጣው በዚህ ምክንያት በቀጣዩ ዓመት ነው። እንግዲህ የታሸገው የአሸናፊው ስም ብቻ ነው፤ የዕጩዎቹ ስም ከሳምንታት በፊት ሙሉውን ይነገራል፣ ይታተማል፣ ሰው ይከራከርበታል። ከ1989 ጀምሮ ደግሞ መድረክ ላይ የሚቆመው ሰው «አሸናፊው» በማለት ፈንታ «ኦስካሩ የሚሄደው ለ...» እንዲል የተደረገው፣ የቀሩት አራቱ ተሸናፊ እንዳይመስሉ ነው። የአነጋገር ለውጥ ብቻ ነው ቢባልም እኔ ወድጄዋለሁ።

ጎንደር ስለ ፊልም ሽልማት ሲነሣ ባዶ እጇን የምትቀመጥ ከተማ አይደለችም። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ የዚህ ከተማ ልጅ ነው፤ አባቱ ተውኔት ጽፈው በየአገሩ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ ማግኘቱን ፒያሳ የሚቀመጥ ወጣት ሁሉ ይነግርዎታል። የዚያን ፊልም ሙዚቃ የጃዝ ሙዚቀኛው ጆርጋ መስፍን ከአሜሪካዊው ፒያኖ ተጫዋች ከቪጃይ አየር ጋር እንደሠራው ግን ስንጠይቅ የሚያውቅ አላገኘንም፤ መሲንቆና አዝማሪ አገር ላይ ተቀምጠን! ወጣቶቹን አልወቅስም። እነርሱ የሚያነቡት ጋዜጣ የነገራቸው የዳይሬክተሩን ስምና የፈረሱን ሐውልት ብቻ ነው።

ሌላው ከዘገባችሁ የጎደለው፣ ማን እንደመረጠ ነው። የትኛው ዘርፍ በዳኞች፣ የትኛው በሕዝብ ድምፅ እንደተወሰነ አንድ ቃል የለም። ከላይ ያነሣሁት የሰንዳንስ ሽልማት የተመልካች ሽልማት መሆኑ ከስሙ ይታወቃል፤ የዳኞቹ ለብቻው ነው፤ ሁለቱ የተለያየ ነገር ይናገራሉ። በዚህ ረገድ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ሽልማት በአጭር የጽሑፍ መልእክት ድምፅ ስጡ ሲባል፣ በተከታታይ ድራማ ለማውቃት ተዋናይት ሦስት ጊዜ ላክሁላት። የታጨችበት ፊልም ጎንደር አልመጣም ነበር፤ እስከ ዛሬም አላየሁትም። ከእርሷ ጋር የታጩትንም አላየኋቸው። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ እንጂ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የኦስካር አካዳሚ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ደንብ፣ አባላቱ በአንድ ዘርፍ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ካላዩ በዚያ ዘርፍ በመጨረሻው ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ ወስኗል። እስከዚያ ድረስ ሳያዩ የሚመርጡ ነበሩ ማለት ነውና፣ ብቻዬን አለመሆኔ ትንሽ አጽናንቶኛል።

የዕጩዎች ዝርዝር አስቀድሞ በጋዜጣ ቢወጣ ለእኛ ለክፍለ ሀገር ሰዎች የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ፒያሳ ላይ ጣሊያን የሠራው ሲኒማ ቤት አለን፤ ቤቱ ባይመቸው ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ አለው። አምስት ፊልሞች መታጨታቸውን ከሦስት ሳምንት በፊት ብናውቅ፣ ቢያንስ ሁለቱን አስመጥቶ የሚያሳይ ሰው አይጠፋም፤ ተመልካቹም ገንዘብ ከፍሎ ይገባል። አሸናፊውን ብቻ ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ስንሰማ ግን የሚደርሰን አንድ ፊልም ብቻ ነው፤ እሱም ከደረሰ።

ቦታ የለንም እንደሚሉኝ እገምታለሁ፤ ስለዚህ ሒሳቡን ሠርቼ መጥቻለሁ። አንድ ሽልማት 15 ዘርፎች ቢኖሩትና በየዘርፉ አምስት ቢታጩ 75 ስም ይሆናል። በዚያው እትም ገጽ 11 ላይ ያለው የአንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ማስታወቂያ የቢሮ ወንበርና የፕሪንተር ቀለም ዓይነት በተራ ቁጥር ሲዘረዝር 82 መስመር ፈጅቷል፤ ቆጥሬዋለሁ። ማስታወቂያው ተከፍሎበታል ቢሉ እቀበላለሁ። ሆኖም በዚያች ደቃቅ ፊደል ቢጻፍ 75ቱ ስም ከሦስቱ የቀይ ምንጣፍ ፎቶግራፎች በአንዱ ቦታ ላይ ይገባል፤ አሸናፊው በደማቁ ቢጻፍ ሳጥኑም አያስፈልግም።

እህቴ ከገዛቻቸው ሦስት ቅጂዎች ሁለቱን ላሰበቻቸው ሰዎች አልሰጠችም፤ ምን ብላ ትስጣቸው። አንዱን ግን አላጠፈችውም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቷ ስሄድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታው፣ ከሳጥኑ ግርጌ ባለው ነጭ ቦታ ላይ በእስክሪብቶ «ምርጥ ድምፅ፣ ዕጩዎች» ብላ ጽፋ አገኘኋት። የልጇን ስም መጀመሪያ አድርጋዋለች፤ እናት ናት። ከዚያ ሌሎቹ ይቅሩ አላለችም፤ አዲስ አበባ ደውላ እሱን እየጠየቀች የቀሩትንም በየተራ አስፍራለች። የአራተኛውን ሰው የአባት ስም እሱም እርግጠኛ ስላልነበረ ቦታውን ክፍት ትታዋለች። ዝርዝሩ በእጃችሁ ካለ፣ በሚቀጥለው እትም ብታወጡት ስሙን ሞልታ ትጨርሰዋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢዎ
ከጎንደር