ለምን መቅደላ አይሆንም? የአመክንዮ ክበብ ዓመታዊ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ የከረመው ከአንድ ሰው ጋር ነው፤ ከሼርሎክ ሆልምስ። አርተር ኮናን ዶይል የፈጠረው ይህ የለንደን መርማሪ ለአንባቢ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። በ4 ረጃጅም ልብ ወለዶችና በ56 አጫጭር ታሪኮች ውስጥ እናገኘዋለን። ሁሉንም አላነበብንም። ቤተ መጻሕፍታችን ያለው ጥቂት ቅጂ ስለሆነ የቀረውን በፎቶ ኮፒ ተቀባበልን።

አብዛኞቹ አባላት ሆልምስን የሚያውቁት በፊልም ነው። ሰውን አንዴ ገርመም አድርጎ የሕይወት ታሪኩን መዘርገፍ የሚቻል መስሏቸው ነበር። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁ። ሆልምስ በደመደመ ቁጥር ንባቡ ይቆምና "ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?" ተብሎ ይጠየቃል።

ክርክሩ የተነሳው ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ሆልምስ ዶክተር ዋትሰንን እንደተዋወቀው ከአፍጋኒስታን መምጣቱን ይነግረዋል። ምክንያቱን በኋላ ይዘረዝራል። ሰውየው ሐኪም ይመስላል፤ አቋሙ ግን የወታደር ነው። ፊቱ ጠቁሯል፣ የእጁ አንጓ ነጭ ነው፤ ስለዚህ ከሐሩር አገር መጥቷል። ግራ ክንዱም ተጎድቷል። እንግሊዛዊ የጦር ሐኪም እንዲህ የሚሆነው የት ነው? አፍጋኒስታን!

"ለምን መቅደላ አይሆንም?" አለ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ልጅ ግን መጽሐፉን ገልጣ ዋትሰን በሕክምና የተመረቀው በ1878 መሆኑን አሳየችን። የእንግሊዝ ጦር መቅደላ የደረሰው በ1868 ነው። መቅደላ ተሰረዘ። ልጅቷ በዚህ አላበቃችም። እንግሊዞች በ1879 በደቡባዊ አፍሪካ ከዙሉዎች ጋር ተዋግተዋል፤ እዚያስ ፀሐይ የለም? ጥይት የለም? ሐሩር ከተባለማ አፍጋኒስታን ራሷ ከሐሩር ክልል ውጪ ናት።

ሆልምስ ልክ ነበር። ልክ የሆነው ግን ሌላውን ሁሉ ስለዘጋ አይደለም፤ ይበልጥ የሚመስለውን ስለመረጠ ነው። እሱ ዲዳክሽን ይለዋል። በዲዳክሽን ግን መነሻው እውነት ከሆነ ድምዳሜው ሊሳሳት አይችልም። የሆልምስ አብዛኛው ሥራ ጥሩ ግምት ነው።

ግምቱ ሁልጊዜም ጥሩ አይደለም። በሰማያዊው ዕንቁ ታሪክ የማያውቀውን ሰው ባርኔጣ አይቶ፣ ባርኔጣው ሰፊ ስለሆነ ባለቤቱ ብልህ ነው ይላል። ባርኔጣው አቧራ ስለያዘ ደግሞ ሚስቱ አትወደውም! "እሱ እጅ የለውም እንዴ?" ብለው ሴቶቹ አፋጠጡን። ሁሉም ያጨበጨበለት የፈረሱን ስርቆት ነው። ሌሊት ፈረስ ሲወጣ የጋጣው ውሻ አልጮኸም። ውሻ ያለው አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ገጹ ሳያልቅ "የሚያውቀው ሰው ነዋ!" አለ።

ኮናን ዶይል በኤድንብራ ሕክምና ሲማር ጆሴፍ ቤል የሚባል መምህር ነበረው። ቤል የበሽተኛውን ሁኔታ አይቶ ሥራውን ይናገር ነበር። ልዩነቱ፣ ቤል ቢሳሳት በሽተኛው አፍ አለው። ለሆልምስ መልሱን የሚያመቻችለት ደራሲው ነው።

ምዝገባ በመስከረም ይጀመራል። መጽሐፉ ቤቱ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ፎቶ ኮፒዎቻችን ከመነበብ አልፈዋል።