ደረሰኙ ላይ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር ይጻፍ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ በገበያውም በየመሥሪያ ቤቱም ሁለት ስህተቶች ጎን ለጎን እየተሠሩ ነው። ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ኮምፒውተር «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ መጋዘን ይገባል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ያልፈቀደው ላፕቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ 11 ተጭኖበት፣ «ኮር አይ 7 ነው» በሚል ቃል ብቻ በውድ ይሸጣል። ሁለቱንም የሚያስቀር ወጪ የሌለው ነገር አለ፤ በደረሰኝም በጨረታ ሰነድም ላይ የፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው የኮምፒውተሩ ዋና ክፍል) ሙሉ ቁጥር ይጻፍ።

«ኮር አይ 5» እና «ኮር አይ 7» ኢንቴል ለፕሮሰሰሮቹ የሰጣቸው የደረጃ ስሞች ናቸው፤ ዕድሜ አይናገሩም። ዕድሜውን የሚናገረው ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ 7-4600ዩ የ4ኛ ጄነሬሽን (ትውልድ)፣ አይ 7-7600ዩ የ7ኛ፣ አይ 5-8250ዩ የ8ኛ ነው። ቁጥሩ በ1 ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች አንድ ላይ ይነበባሉ፤ ስለዚህ 10210ዩ የ10ኛ፣ 1135ጂ7 የ11ኛ ጄነሬሽን ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱ አይ 7ዎች ያላቸው ሁለት ሁለት ኮር (ሥራ የሚካፈል የፕሮሰሰር ክፍል) ብቻ ነው፤ አይ 5-8250ዩ ግን አራት ኮር አለው። «አይ 7 ይሻላል» ብሎ ጭማሪ የከፈለ ሰው ከአይ 5ቱ የደከመ ማሽን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የተፈቀደውም ከሦስቱ ለአይ 5ቱ ብቻ ነው።

ቁጥሩን ከተለጣፊው ላይ ማንበብ አይበቃም፤ ተለጣፊ ተነቅሎ ሌላ ይለጠፋል። «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ» አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ሲፒዩ» የሚለው ላይ ሙሉው ቁጥር ይታያል። የላፕቶፑ የሞዴል ስምም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዴል ላቲቲዩድ 7490 እና ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 በብዛት የሚታወቁት በ8ኛ ጄነሬሽን ነው፤ ነገር ግን በ7ኛ ጄነሬሽን ፕሮሰሰር የተሠሩም አሉ። አንድ ዓይነት መልክ፣ አንድ ዓይነት ኪቦርድ፣ ሁለት የተለያየ ዕድል።

ዊንዶውስ 11 ለኢንቴል በጥቅሉ በይፋ የተፈቀደው ከ8ኛው ጄነሬሽን ጀምሮ ነው፤ ይህ ድንበር ከየት መጣ? ብዙ ሰው «ቲፒኤም 2.0 (የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቀው የደኅንነት ክፍል) ስለሌለው ነው» ይላል። ይህ ለ7ኛው ጄነሬሽን አይሠራም። ማይክሮሶፍት ራሱ ዊንዶውስ 10 ተጭኖባቸው የሚወጡ አዳዲስ ሞዴሎች ቲፒኤም 2.0 እንዲኖራቸው ያስገደደው ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በ6ኛ ጄነሬሽን የተሠሩ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ላፕቶፖችም ብዙዎቹ ከቲፒኤም 1.2 ወደ 2.0 የሚያሳድጋቸው ፈርምዌር (ዕቃው ውስጥ የሚቀመጥ መሠረታዊ ፕሮግራም) ወጥቶላቸዋል። ሁለተኛው ምክንያት «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» የሚባለው ጥበቃ ነው፤ አጥፊ ፕሮግራም የስርዓቱ እምብርት ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል፣ በአሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ግን ማሽኑን ያዘገያል። ይህን ሸክም የሚያቀልለው የፕሮሰሰር ክፍል በኢንቴል በኩል የመጣው በ7ኛው ጄነሬሽን ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሚያስረዳው ደግሞ ይህ ነው፦ ማይክሮሶፍት አይ 7-7820ኤችኪው የተባለውን የ7ኛ ጄነሬሽን ፕሮሰሰር በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ይህ ፕሮሰሰር ኩባንያው በዚያን ጊዜ ይሸጠው በነበረው በራሱ ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 ኮምፒውተር ውስጥ ይገኛል። ከ7ኛው ጄነሬሽን የቀሩት አብዛኞቹ ግን ወደቁ።

ለኩባንያው ፍትሐዊ ለመሆን፣ በሙከራ ወቅት መስፈርቱን ያላሟሉ ማሽኖች የስርዓት መውደቅ ከሌሎቹ 52 በመቶ ይበልጥ እንደታየባቸው አስታውቋል፤ አንድ ቦታ ላይ መስመር መሰመሩም የግድ ነው። የመስመሩ ቦታ ግን የቴክኒክ ውሳኔ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 መሸጋገር ነፃ ነው፤ የፈቃድ ገንዘብ የሚገባው አዲስ ኮምፒውተር ሲሸጥ ነው። አሮጌው ማሽን በሥራ ላይ በቆየ ቁጥር ይህ ገቢ ይዘገያል። በእኛ አገር ይህን ውሳኔ የሚሸከመው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ሰው ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ አንድ ላፕቶፕ በብር ምን ያህል እንደወጣ ሁሉም ያውቀዋል።

አሁን በእጅ ያለው ማሽን ምን ይደረግ? 8ኛ ጄነሬሽንና ከዚያ በላይ ከሆነ መጣል ቀርቶ መጨነቅም አያስፈልግም። ይሁንና የማይክሮሶፍት መመርመሪያ ፕሮግራም ፒሲ ሄልዝ ቼክ እንዲህ ያለውን ማሽን «አይችልም» የሚልበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአጫጫን ነው። ባለሙያው ፎርማት ሲያደርግ ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን መሠረታዊ ፕሮግራም) «ሌጋሲ» በሚባለው አሮጌ አነሣሥ ላይ አድርጎት፣ ሀርድ ዲስኩንም በአሮጌው በኤምቢአር አከፋፈል ሠርቶት ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቶሎ ባዮስ ገብቶ «ዩኢኤፍአይ» ወደሚባለው አዲሱ አነሣሥ ያዞረዋል፤ ያኔ ኮምፒውተሩ ዲስኩን አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ሰነዶችን ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ነው። ቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው የዊንዶውስ ጥበቃ) ካለ «ሰስፔንድ» ይደረጋል፣ ማለትም ለጊዜው ይቆማል፤ ካልተደረገ ኋላ ላይ 48 አሃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ይጠየቃል፣ እሱን መዝግቦ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ እምብዛም ነው። ቀጥሎ ከዊንዶውስ 10 ጋር የሚመጣውንና ዲስኩን ወደ አዲሱ የጂፒቲ አከፋፈል የሚቀይረውን ኤምቢአር-ቱ-ጂፒቲ የተባለ መሣሪያ በአድሚን ፈቃድ ከፍቶ አስቀድሞ በ«ቫሊዴት» መፈተሽ፣ ካለፈ በ«ኮንቨርት» መቀየር ነው፤ ከዊንዶውስ ውስጥ ሲሠራ «አላው ፉል ኦኤስ» የሚለው ካልተጨመረ እምቢ ይላል። ዲስኩ ከሦስት በላይ ዋና ክፍልፋዮች ካሉት ወይም ዲ የሚባለው ክፍል «ሎጂካል» ሆኖ ከተሠራ ፈተናውን አያልፍም፤ እሱን አስቀድሞ ማስተካከል ግድ ነው። ባዮስ ተገብቶ «ዩኢኤፍአይ» የሚደረገው፣ «ሴኪዩር ቡት» (ያልታመነ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንዳያስነሣ የሚከለክለው) የሚበራው፣ ቲፒኤሙም (ኢንቴል ላይ «ፒቲቲ»፣ ኤኤምዲ ላይ «ኤፍቲፒኤም» ይባላል) የሚከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

6ኛና 7ኛ ጄነሬሽን ሦስት መንገድ አላቸው። አንደኛው የተራዘመው የደኅንነት ማሻሻያ ነው። ለግለሰብ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ሲሆን በ30 ዶላር፣ በ1000 የማይክሮሶፍት ነጥብ ወይም የኮምፒውተሩን ቅንብር ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር በማመሳሰል ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ማሽኑ ግን የዊንዶውስ 10 የመጨረሻ ዕትም 22ኤች2 ላይ መሆን አለበት። በዶሜይን (በመሥሪያ ቤቱ ማዕከላዊ አስተዳደር) የተያያዙ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች በዚህ አይገቡም። ለድርጅት ዋጋው በአንድ ማሽን ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው፣ በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል፤ ሦስቱ ዓመት 427 ዶላር ይመጣል። በዚህ ገንዘብ ያገለገለ የ8ኛ ጄነሬሽን ላፕቶፕ ይገዛል፤ ድርጅቶች ሒሳቡን ሳይሠሩ አይፈርሙ። ሁለተኛው ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም መስፈርቱን የሚዘል ፍላሽ ሠርቶ ዊንዶውስ 11 መጫን ነው። ይሠራል። ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም፣ ዓመታዊው ዋና ዕትምም በራሱ ጊዜ አይመጣም። የሆምና የፕሮ ዕትሞች ድጋፍ 24 ወር ብቻ ስለሆነ፣ ባለቤቱ በየጊዜው በፍላሽ ካላሳደገው ማሽኑ ምንም ሳይናገር ያለ ጥበቃ ይቀራል። ሻጮች ይህን ሳይነግሩ መሸጣቸው ትክክል አይደለም።

«ማሻሻያ ባይመጣስ ምን ይሆናል?» ለሚል፣ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የተለቀቀውን ዋናክራይ የተባለ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ አጥፊ ፕሮግራም ያስታውስ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ሁለት ወር ቀድሞ፣ በመጋቢት ወጥቶ ነበር፤ የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው። ያልተደፈነ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ በኋላ በፋይል መጋሪያው መስመር ማንም ምንም ሳይነካ ከማሽን ወደ ማሽን ተዛምቷል። ማተሚያና ፎልደር በጋራ የሚጠቀም ቢሮ አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር ችላ ማለት የማይችለው ለዚህ ነው። በክራክ (ፈቃድ ሳይገዛ በሚያስከፍት ፕሮግራም) የተከፈተ ዊንዶውስ ደግሞ ችግሩን ያብሳል፤ ክራኩ እንዲሠራ የዊንዶውሱን ጸረ ቫይረስ ዲፌንደርን አጥፉ ይባላልና።

ሦስተኛው መንገድ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃ ስርዓት ሊኑክስ ነው፤ ለ4ኛና ለ5ኛ ጄነሬሽን ደግሞ እኔ የምመክረው ይህንኑ ነው። ሊኑክስ ሚንት 22 በኤክስኤፍሲኢ ዕትሙ በ4 ጊጋባይት ራም በደህና ይሠራል፣ ድጋፉም እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ነው። አስቀድሞ ግን ሀርድ ዲስኩ የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ማከማቻ በኤስኤስዲ ይተካ፤ የ2.5 ኢንች 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሳታ ኤስኤስዲ በነዚህ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ውስጥ ይገባል። ለማሽን መንቀርፈፍ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ፕሮሰሰሩ ሳይሆን የሚሽከረከረው ዲስክ ነው። ራም ሲገዛ 4ኛው ጄነሬሽን ዝቅተኛ ቮልቴጁን ዲዲአር3ኤል እንደሚፈልግ አይረሳ፤ ዲዲአር4 ማስገቢያው ውስጥ አይቀመጥም። ከመጫን በፊት ከፍላሹ ላይ አስነስቶ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ማተሚያውን መሞከር ያስፈልጋል። የብሮድኮም ዋይፋይ ካርድ ከሆነ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ለማውረድ ስልክ በኬብል አያይዞ ኢንተርኔት መስጠት ይጠይቃል።

ለአማርኛ ተጠቃሚ አንድ ዋና ጥንቃቄ አለ። ዩኒኮድ ሳይስፋፋ በቆዩት የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ፊደሉን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው፤ ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይከፈታል። ዊንዶውሱ ከመጥፋቱ በፊት የፎንት ፋይሎቹ ይገልበጡ። የዊንዶውሱ የአማርኛ ፎንት ንያላ ከሊኑክስ ጋር ስለማይመጣ በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ፎንት ሲተካ መስመርና ገጽ ይሸራረፋል፤ ውልና ደብዳቤ በፒዲኤፍ ይላክ። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀም የሒሳብ ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ሊኑክስ አይሂድ፤ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ስለሆነ 8ኛ ጄነሬሽን የሆነው ማሽን ለእነሱ ይሰጥ።

ከዱባይም ከአሜሪካም የሚገባ ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዛ ከቁጥሩ ሌላ ሁለት ነገር ይታይ። አብዛኛው ከኩባንያ የወጣ ነው፤ ባለቤቱ ከአውቶፓይለት (ማይክሮሶፍት የኩባንያ ኮምፒውተሮችን ከሚመዘግብበት) መዝገብ ካላስወጣው፣ ፎርማት ተደርጎም ኢንተርኔት ሲያገኝ የዚያን ኩባንያ የመግቢያ ገጽ ያወጣል። ያለ ኢንተርኔት ተጭኖ ከቀረበ ይህ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፤ ሱቁ ውስጥ ኢንተርኔት አያይዞ አዲስ ማስጫን ነው መፈተኛው። የዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ደግሞ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል፤ 50,000 ሚሊዋት-ሰዓት የነበረው 30,000 ከሆነ ባትሪው 60 በመቶው ብቻ ቀርቷል። ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት ባትሪ ስላለው ሁለቱም ይታዩ። በዚያው ዘመን የተሠሩ ቲንክፓዶች ላይ በተንደርቦልት ፈርምዌር ችግር ዩኤስቢ-ሲ መሰኪያው መሥራት ያቆም ስለነበር ሌኖቮ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ሁለቱም መሰኪያዎች በቻርጀር ይሞከሩ።

ማክ ገዢውም ከዚህ አያመልጥም። «ማክቡክ ኤር 2020» የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ኮምፒውተሮች አሉ፤ አንዱ ኢንቴል፣ ሌላው ኤም 1። ኢንቴሉ ከአፕል ስርዓት ከማክኦኤስ 26 ውጭ ሆኗል፣ ኤም 1ዱ ግን ይቀበለዋል። በሁለቱም ላይ ራሙም ማከማቻውም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ኋላ ማሳደግ የለም።

ስለዚህ ነጋዴዎች በደረሰኝ ላይ፣ ገዢ መሥሪያ ቤቶችም በጨረታ ሰነድ ላይ «ኮር አይ 7፣ 8 ጊጋ ራም» ከማለት ይልቅ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ፕሮሰሰር አይ 5-8250ዩ ወይም በዊንዶውስ 11 ይፋዊ ዝርዝር ውስጥ ያለ፤ ቲፒኤም 2.0 የበራ፤ ዩኢኤፍአይና ጂፒቲ፤ ራም 8 ጊጋባይት ዲዲአር4፤ ኤስኤስዲ 256 ጊጋባይት፤ ባትሪ ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶ ያላነሰ፤ ከባዮስ የይለፍ ቃልና ከቀድሞ ኩባንያ ምዝገባ ነፃ፤ ጉድለት ቢገኝ በ15 ቀን ውስጥ የሚመለስ።»

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
አዲስ አበባ